የክረምት የቤት ሥራ፦ የአካባቢያችሁን ታሪክ ከአዛውንት አፍ እንዴት ትመዘግባላችሁ?

ፍሬሽማን ሳላችሁ «የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ» የተባለውን ኮርስ ወስዳችኋል። ኢንጂነሪንግ የገባውም፣ አካውንቲንግ የደረሰውም፣ ጤና የመረጠውም በዚያ በኩል ነው ያለፈው። አብዛኛው ተማሪ ሞጁሉን ለፈተና ይሸመድድና ግሬዱ ሲለጠፍ ይሰናበተዋል። ይህ ያሳዝነኛል። ታሪክ መማር ሰውን የሚለውጠው ከፈተናው በኋላ ነውና፤ በተለይ ተማሪው ሻንጣውን አንጠልጥሎ ቤቱ ሲገባና አያቱ አጠገብ ሲቀመጥ። ክፍል ውስጥ የሰማችሁት «ማን አለ? መቼ አለ? በምን አወቀ?» የሚለው ጥያቄ ሥራ የሚያገኘው እዚያ ነው።

ስለዚህ ይህን ክረምት ለአንድ ትንሽ ሥራ አውሉት፦ የአካባቢያችሁን አንድ ጉዳይ ከሚያስታውሱት ሰዎች አፍ ሰምታችሁ መዝግቡ። የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪ መሆን አያስፈልግም። ስልክ፣ ደብተር፣ እስክሪብቶና ትዕግሥት ይበቃል። ነገሩ አዲስ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ወደ ትውልድ ቀያቸው እየሄዱ ሽማግሌ ሲጠይቁ ኖረዋል። ባሕሩ ዘውዴን የመሰሉ ምሁራን የዘመናዊቷን ኢትዮጵያ ታሪክ ሲጽፉ በእነዚህ የተማሪ ጥናቶች ተጠቅመዋል። ያኔ ከተጠየቁት አዛውንቶች ብዙዎቹ ዛሬ የሉም፤ ቃላቸው ግን ስድስት ኪሎ መደርደሪያ ላይ አለ።

ከካምፓስ ሳትወጡ

መጀመሪያ የትብብር ደብዳቤ አጽፉ። ቀበሌም ሂዱ፣ ትምህርት ቤትም ሂዱ፣ መዝገብ ለማየት ስትሉ አስቀድሞ የምትጠየቁት ደብዳቤ ነው። ክረምት ከገባ በኋላ ፈራሚ ማግኘት ስለሚያስቸግር ፈተና ሳያልቅ ጨርሱት።

ቀጥሎ ስለ አካባቢያችሁ የተጻፈ ነገር ካለ ፈልጉ። አዲስ አበባ ያላችሁ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ቤተ መጻሕፍትና ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱን ወመዘክርን አትለፉ፤ ወመዘክር ውስጥ የቆዩ ጋዜጦች አሉ። አዲስ ዘመን ከ1933 ጀምሮ የታተመ ጋዜጣ ነው፤ ስለ ወረዳችሁ አንድ አጭር ዜና ብታገኙ እንኳ አዛውንቱ ፊት ስትቀመጡ የምትይዙት ጫፍ ይሆናችኋል።

ከዚያ ዓይናችሁን አለማምዱ። አንድ ከሰዓት ወደ ስድስት ኪሎ ዋናው ግቢ ግቡ። ይህ ግቢ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከታህሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ግቢው ውስጥ ካለው ሙዚየም ፊት ለፊት ወደ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ የሲሚንቶ ደረጃ ቆሟል። ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1922 ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ለተቆጠረው ለእያንዳንዱ የፋሺስት ዓመት አንድ ደረጃ እያሉ ጣልያኖች ያሠሩት ነው። ከነጻነት በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ደረጃዎቹን ቁጠሩ፤ የመጨረሻው የትኛው ዓመት ላይ እንደሚያርፍ አስሉ። ከዚያ ቆም ብላችሁ ጠይቁ፦ ለምን አላፈረሱትም? አንበሳውን ከላይ ያስቀመጠው ሰው ለሚያልፈው ተማሪ ምን ሊነግረው ፈልጎ ነው?

የካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣልያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩትም በዚሁ ግቢ ነው፤ የሰማዕታቱ ሐውልት ከደጁ አደባባዩ ላይ አለ። ጣልያኖች ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት በበቀል ስንት ሰው ገደሉ? የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 ብሏል። የታሪክ ጸሐፊው ኢያን ካምቤል እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመው መጽሐፍ ወደ 19,000 ገደማ ይገምታል። የጣልያን ባለሥልጣናት ያስቀመጡት ቁጥር ከሁለቱም እጅግ ያነሰ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር የተናገረው ሰውና የተነገረበት ምክንያት አለው፤ ስለዚህ ከአሁን ጀምሮ ደብተራችሁ ላይ ቁጥር ስትጽፉ የተናጋሪውን ስም አብራችሁ ጻፉ። ጅማ ያላችሁ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ጎንደር ያላችሁ ፋሲል ግቢ፣ መቀሌ ያላችሁ የአፄ ዮሐንስ ቤተ መንግሥት ሄዳችሁ ይህንኑ አድርጉ። ማን ሠራው? ማን ለወጠው? ዛሬ ማን ይጠቀምበታል?

ጥያቄያችሁን አሳንሱት

«የወረዳችን ታሪክ» ብሎ የተነሳ ተማሪ ባዶ እጁን ይመለሳል። «የቀበሌያችን የመጀመሪያ ወፍጮ» ብሎ የተነሳ ግን ብዙ ይዞ ይመጣል፤ ወፍጮው ማን እንዳስመጣው፣ ሞተሩ በምን ተጭኖ እንደመጣ፣ ከዚያ በፊት ሴቶች በድንጋይ ሲፈጩ ስንት ሰዓት ይነሱ እንደነበር ሁሉ አብሮ ይወጣል። ገበያው ከማክሰኞ ወደ ቅዳሜ ለምን ተዛወረ? ድልድዩ ሳይሠራ ሬሳ በክረምት እንዴት ይሻገር ነበር? ዕድሩ በማን ቤት ተጀመረ? እንዲህ ያለ ጥያቄ ያዙ።

ለእኔ ግን የዛሬ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ስለ ዕድገት በህብረት ዘመቻ ነው። በታህሣሥ 1967 ወደ 60,000 የሚጠጉ የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። መሠረተ ትምህርት ሊያስተምሩ የሄዱት ልጆች የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ገበሬ ማኅበር የማደራጀቱ ሥራ ላያቸው ላይ ወደቀ። ከዚያም በፊት፣ ከ1957 ጀምሮ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳይመረቅ አንድ ዓመት ጠቅላይ ግዛት ሄዶ የሚያገለግልበት ደንብ ነበር። በ1967 የ18 ዓመት ልጅ የነበረ ዘማች ዛሬ ሰባ ገደማ ነው፤ የእናንተው አያት ሊሆን ይችላል። በእናንተ ዕድሜ ከክፍል ወጥቶ አገሩን ያየ ሰው ነውና ከእናንተ የተሻለ ጠያቂ የለውም። የት አደራችሁ? ምን በላችሁ? የአገሩን ቋንቋ የማትችሉ እንዴት ተግባባችሁ? ለእናት አባታችሁ ምን ብላችሁ ጻፋችሁ? ዘማቾቹ የሄዱበት አገር ሰው ደግሞ በሌላ ወገን አለ። «ከከተማ የመጡት ልጆች ምን ይመስሉ ነበር? ምን አስቸገሯችሁ? ምን ጠቀሟችሁ?» ብላችሁ ገበሬውንም ጠይቁ። የሁለቱን ቃል ጎን ለጎን ያስቀመጠ ተማሪ የመማሪያ መጽሐፉ በአንድ አንቀጽ የሚያልፈው ነገር ስንት ገጽታ እንዳለው ያያል።

ማንን ትጠይቃላችሁ?

ሰፈር ውስጥ «ታሪክ አዋቂው እገሌ ነው» ይሏችኋል። መጀመሪያ እሳቸው ዘንድ ሂዱ፤ ካልሄዳችሁ ቅር ይላቸዋል። ነገር ግን እዚያ አትቁሙ። ታሪክ አዋቂ የተባለ ሰው አንዱን ነገር ብዙ ጊዜ ስለተናገረው አሳምሮ አለስልሶታል። ሳይጠየቁ የኖሩትን ፈልጉ፦ ጡረታ የወጣ ድሬሰር፣ ጠላ ሸጠው ልጅ ያሳደጉ እናት፣ ሸማኔ፣ የቀድሞ ጭሰኛ፣ የቀድሞ ባለርስት፣ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ።

ሴቶችን ለብቻቸው አነጋግሩ። ባል ወይም ወንድም ካለ «እሱ ያውቀዋል» ብለው ዝም የሚሉ እናት፣ ቡና እያፈሉ ብቻቸውን ሲሆኑ ሌላ ሰው ይሆናሉ። የጋብቻ፣ የወሊድ፣ የረሃብ፣ የእህል ዋጋ ታሪክ በእነሱ ዘንድ ነው ያለው።

ፊታቸው ስትቀመጡ

ቀጠሮ ይዛችሁ ሂዱ። ክረምት የአረም ወቅት ነው፤ ገበሬን በሥራ ቀን ማሳው ላይ አታስቸግሩት፣ በዓል ቀን ግን ቤቱ ይገኛል። ሐዘን ካለ ሌላ ሳምንት ይሁን።

«የማን ልጅ ነህ? የማን ልጅ ነሽ?» መባላችሁ አይቀርም። ይህን በችኮላ አትመልሱት። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያላችሁ ቁጠሩ፤ እናንተ ማን እንደሆናችሁ ሲያውቁ ነው ምን እንደሚነግሯችሁ የሚወስኑት። ከዚያ የመጣችሁበትን ጉዳይ በግልጽ ንገሯቸው፤ ፈቃድም ጠይቁ። «እማማ፣ እንዳልረሳው በስልኬ ልቅዳው? ካልወደዱት ይቅር፣ እጽፈዋለሁ» ማለት ይበቃል። እሺ ካሉ መቅዳት ጀምሩና ፈቃዳቸውን ደግመው እንዲናገሩት አድርጉ። ቀኑን፣ ቦታውንና የሁለታችሁን ስም በድምፅ ተናገሩ።

ስልካችሁን ፍላይት ሞድ ላይ አድርጉ፤ መሃል ላይ የሚደወል ስልክ ወሬ ያቋርጣል። ፓወር ባንክ ያዙ። ስልኩን ባዶ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን የታጠፈ ነጠላ ላይ አስቀምጡት፣ ሲኒ በተቀመጠ ቁጥር እንዳይንኳኳ። የቆርቆሮ ቤት ከሆነ ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ከቀረጻው አንድ ቃል አይለይም።

ስትጠይቁ መልሱን አፋቸው ውስጥ አትጨምሩ። «ያን ጊዜ ጭቆናው ከባድ ነበር አይደል?» ብትሉ «አዎ ልጄ» ብለው ያልፏችኋል። «ግብር የሚከፈልበትን ቀን ከጠዋት ጀምረው ይንገሩኝ» ብትሉ ግን ስልቻው፣ አህያው፣ የጭቃ ሹሙ ደጅ፣ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ይመጣል። ዝም ሲሉ እናንተም ዝም በሉ። ዝምታ የሚከብደው ወጣት ሌላ ጥያቄ ይወረውራል፤ በአፋቸው ሊመጣ የነበረውም በዚያው ይቀራል። ከርዕስ ሲወጡም ቶሎ አትመልሷቸው፤ ያልጠየቃችሁት ነገር ከጠየቃችሁት የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

ዓመቱን ማግኘት

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ተስፋ ይቆርጣል፤ እኔ ግን ከሥራው ሁሉ የሚጣፍጠኝ ይህ ክፍል ነው። አዛውንት በዓመተ ምሕረት አይናገሩም፤ በሆነ ነገር ነው የሚናገሩት። ስለ ወፍጮው የምታደርጉት ጨዋታ እንዲህ ሊሄድ ይችላል፦

«እማማ፣ ወፍጮው መቼ መጣ?»
«ኧረ ቆይቷል ልጄ።»
«ጃንሆይ ሳሉ ነው ወይስ ከወረዱ በኋላ?»
«ከወረዱ በኋላማ ነው። በዓመቱ።»
«እርስዎ ያኔ ማንን አዝለው ነበር?»
«ሁለተኛውን። ገና አልተጠመቀም።»

ንጉሡ የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ነው፤ በዓመቱ ሲሉ 1968 ይሆናል። ቀጥሎ ሁለተኛው ልጅ የትምህርት ቤት ካርድ ወይም የክርስትና ወረቀት እንዳለው ጠይቁ። ወረቀቱ 1968 ቢል ሁለት ምስክር ተገናኘ ማለት ነው፤ 1970 ቢል ደግሞ ሁለቱንም ጻፉና ማጣራቱን ቀጥሉ።

እንዲህ ያሉ ችካሎችን ከመሄዳችሁ በፊት ደብተራችሁ የኋላ ገጽ ላይ ጻፉ፦ ክፉ ቀን ከ1880 እስከ 1884፤ የኅዳር በሽታ 1911፤ ማይጨው 1928፤ የጣልያን መውጣት 1933፤ የታህሣሥ ግርግር 1953፤ አብዮቱ 1966፤ መሬት ላራሹ የታወጀው 1967፤ ድርቁ 1977፤ ደርግ የወደቀው 1983። የአካባቢያችሁንም ጨምሩበት፤ ጎርፍ፣ አንበጣ፣ መኪና መጀመሪያ የገባበት ዓመት። ከውጭ መጽሐፍ ጋር ስታመሳክሩ ከመስከረም እስከ ታህሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ደምሩ። መስከረም 1967 እ.ኤ.አ. 1974 ነው፤ የካቲት 1967 ግን 1975። በዚህች የአንድ ዓመት ልዩነት ብዙ የታተመ ጽሑፍ ሳይቀር ተሳስቷል።

ወረቀት ሲወጣ

ጨዋታው ሲሞቅ «ቆይ» ብለው ሳጥን ይከፍታሉ። የግብር ደረሰኝ፣ የዕድር መዝገብ፣ የዘማች መታወቂያ፣ ከከተማ የተላከ ደብዳቤ፣ ጀርባው ላይ የተጻፈበት ፎቶግራፍ ይወጣል። በአንዳንድ ቤት የልጆች ልደት ዳዊት ወይም መጽሐፍ ቅዱስ መጀመሪያ ገጽ ላይ ተጽፎ ይገኛል። በየቤተ ክርስቲያኑ በወንጌል ኅዳግ ላይ የተጻፈ የመሬት ስጦታና ሽያጭ የታሪክ ምሁራንን ብዙ አስተምሯል፤ የታሪክ ምሁሩ ሁሴን አሕመድም የወሎን የእስልምና ታሪክ የጻፉት ከቃል ምንጭ ሌላ በየቦታው የተቀመጡ የዐረብኛ ጽሑፎችን ፈልገው ነው።

ወረቀቱን እዚያው ፎቶ አንሱት፤ ፊቱንም ጀርባውንም። «ወስጄ ልመልሰው» አትበሉ፤ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። በየገጠሩ «ተማሪ ወስዶ ቀረ» የሚባል ሰነድ በመኖሩ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ተማሪ በሩ ይዘጋበታል።

ማታውኑ

ቤት ስትገቡ ሳትተኙ ሁለት ነገር አድርጉ። ድምፁን ቀንና ስም ባለው ርዕስ አስቀምጡ፤ አንድ ቅጂ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት፣ ስልክ ይጠፋልና። ከዚያ ቀረጻው የማይዘውን ጻፉ፦ ማን አብሮ ተቀምጦ ነበር፣ የትኛው ጥያቄ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ ጎረቤት ሲገባ ወሬው እንዴት ተቀየረ።

ወደ ጽሑፍ መገልበጡ አድካሚ ነው፤ የአንድ ሰዓት ወሬ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። አነጋገራቸውን አታርሙ። የጎጃሙን፣ የሸዋውን፣ የወሎውን አማርኛ ወደ ሞጁል አማርኛ የለወጠ ተማሪ ግማሹን ታሪክ ጥሎታል። በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሲዳምኛ ወይም በሌላ ቋንቋ ከነገሯችሁ በዚያው ቋንቋ ጻፉና ትርጉሙን ለብቻው አስቀምጡ።

ማመሳከር

አንድ ሰው የነገራችሁን በሌላ ሁለት ሰው ፈትኑ፤ ግን «እገሌ እንዲህ አሉኝ» አትበሉ። ሰፈር ውስጥ ጠብ ታነሳላችሁ፣ መልሱም ለዚያ ሰው መልስ ይሆናል። ቃሎቹ ሲጣሉ ማን ዋሸ ብላችሁ አትነሱ። ቀድሞ ባለርስት የነበረው አባት 1967ን «አገር የፈረሰበት» ቢሉ፣ ጭሰኛ የነበሩት ደግሞ «ሰው የሆንበት» ቢሉ ሁለቱም ያዩትን ነው የነገሯችሁ። እናንተ የምትጽፉት ማን የት ቆሞ እንዳየው ነው።

የሚያም ነገር ሲነሳ

ቀይ ሽብር፣ ጦርነት፣ መፈናቀል በብዙ ቤት ውስጥ ያልዳነ ቁስል ነው። ልጁ ደጅ ላይ ተጥሎ ያየ አባት ፊት ተቀምጣችሁ ዝርዝር አትቆፍሩ። እሳቸው ካነሱት ስሙ፤ ሲያቆሙ አቁሙ፣ ቀረጻውንም ዝጉ፣ ተሰናብታችሁም ቶሎ አትሂዱ። በቅርብ ዓመታት ጦርነት ባለፈባቸው አካባቢዎች ደግሞ ስልካችሁ ላይ ያለ ድምፅ በተናጋሪው ላይ አደጋ ሊያመጣ ይችላል። በዚህ ላይ አቋሜ ጥብቅ ነው፦ ሰውየውን ሊጎዳ የሚችል ከሆነ አትቅዱት። የሚያልፍ ጊዜ ይመጣል፤ ያኔ ይጠየቃል።

ካምፓስ ስትመለሱ

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ዶርም ከየክልሉ የተመደቡ ልጆች አንድ ላይ የሚያድሩበት ነው። ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ የሚነሳው ክርክር ምኒልክ፣ ዮሐንስ፣ አኖሌ፣ ወሰን ነው፤ እስከ መደባደብ የደረሰበት ጊዜም አለ። ክረምቱን አዛውንት ፊት ተቀምጦ ያሳለፈ ተማሪ በዚህ ክርክር ውስጥ አነጋገሩ ይለወጣል። «ታሪክ እንዲህ ይላል» ማለት ይተውና «አያቴ እንዲህ ነግራኛለች፤ እሷ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር፣ እናቷ የነገረቻትን ነው» ይላል። ሌላውንም «የእናንተ ቤት ምን ይባላል? ማን ነገረህ?» ብሎ ይጠይቃል። ድምፅ ከፍ ያደረገው ልጅ የራሱን አያት ታሪክ መናገር ሲጀምር ድምፁ ይወርዳል። ታሪክ መማር ለተማሪ ከሚሰጠው ሁሉ ይህን የሚያህል የለም ብዬ አምናለሁ።

ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ የሚዞረውንም በዚያው ዓይን እዩት። «የማይጨው ዘመቻ» ተብሎ የተለጠፈ ፎቶ ሲደርሳችሁ ሳታስተላልፉ ጠይቁ፦ ማን አነሳው? ጠመንጃው፣ መኪናው፣ ልብሱ የዚያ ዘመን ነው? መጀመሪያ የለጠፈው ገጽ የቱ ነው? ካላወቃችሁ እናንተ ጋ ይቁም።

በሙያችሁም አይጠፋም። ሐኪም የምትሆኑት ታማሚን ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲናገር መተው ታውቃላችሁ። ድልድይ የምትሠሩት ጎርፉ እስከየት እንደደረሰ ሽማግሌ ትጠይቃላችሁ። ጠበቃ የምትሆኑት ያየውን ምስክር ከሰማው ትለያላችሁ።

ቃሉን መልሱ

የጻፋችሁትን አሳትሙና ይዛችሁ ተመለሱ። ማንበብ ለማይችሉ ራሳችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ባሉበት ቢሆን ይመረጣል። ብዙ ጊዜ ልጆቹም ያንን ታሪክ የሚሰሙት ያኔ ነው። «እንዲህ አላልኩም» ካሉ የመጀመሪያውን ቃል አትፋቁት፤ እርማቱን ከነቀኑ ከሥሩ ጻፉ። ስማቸው እንዲቀር ከፈለጉ አውጡት።

ድምፁን በፍላሽ ለቤተሰቡ ስጡ። አንድ የጽሑፍ ቅጂ ለተማራችሁበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት፣ አንድ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ አንድ ለዩኒቨርሲቲያችሁ የታሪክ ትምህርት ክፍል አስገቡ፤ ሲቀበሏችሁ ቀኑንና የተቀባዩን ፊርማ ያዙ። ከአዛውንቱ ዘንድ ከመነሳታችሁ በፊት «ከእርስዎ ሌላ ይህን ማን ያውቃል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የሚነግሯችሁን ስምና ቤቱ የሚገኝበትን ቦታ እዚያው ደብተራችሁ ላይ ጻፉ፣ ስልክ ካላቸውም ቁጥሩን ተቀበሉና በዚያው ሳምንት ቀጠሮ ያዙ።